የአሥራ ሰባት ቁጥር አንሶላ

ተረት ተረት ስላችሁ «የአልጋ በረት» በሉኝ። ያደርንበት ቤት እውነትም በረት ይመስል ነበር። ረጅም አዳራሽ ነው፤ ግራና ቀኙን ተደራራቢ የብረት አልጋ ሞልቶታል፤ ታችና ላይ፣ ታችና ላይ። አንዷ ስትገላበጥ ሃያ ሁለታችንም እንነቃለን።

ቦታው ዲንሾ ነው፣ ባሌ ተራራ ላይ ያለ የወጣቶች ማረፊያ። ዘመኑ የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት። እኛ ከናዝሬት የመጣን የስምንተኛ ክፍል የተፈጥሮ ክበብ ልጆች ነን፤ ሃያ ሁለት ሴቶችና አንድ አስተማሪ፣ ቲቸር አጸደ። የመጣነው የደጋ አጋዘን ለማየት ነው። አጋዘኑን አይተናል። ይህ ግን የአጋዘን ተረት አይደለም። ይህ የአንድ ጆግ ሙቅ ውሃ ተረት ነው፤ ለባለቤቴም፣ ለእህቶቼም፣ ለማንም ነግሬው አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ፊት ለፊት ስለማታዩኝ ነው።

በማረፊያው ሁሉም ነገር በቡድን ነበር። ቁርስ በደወል፣ መኝታ በደወል። የገባን ዕለት የመጋዘን ኃላፊዋ እትዬ ጠጂቱ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አንሶላ ሰጡን። በአንሶላው ጥግ የአልጋው ቁጥር በሰማያዊ ክር ተጠልፎበታል። የእኔ አሥራ ሰባት ነበር፤ የላይኛው አልጋ። በመጨረሻው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ርክክብ አለ። አስተማሪዋ ስም ይጠራሉ፤ የተጠራችው ልጅ አንሶላዋን ከጓደኛዋ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዛ ትዘረጋለች፣ ታራግፋለች፣ አጥፋ ትመልሳለች። ሁሉም እያየ።

በዚያው በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ አንሶላዬ ላይ የብርቱካን ስፋት ያለው ቀይ ነገር አየሁ። መጀመሪያ የቆሰልኩ መሰለኝ። ቀጥሎ ገባኝ። የወር አበባ ነበር፤ የመጀመሪያዬ። ይኸው ጻፍኩት። በአርባ ስድስት ዓመቴም ቃሉን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል።

ልጆቹ ለቁርስ ሲሰለፉ ወደ ኋላ ቀረሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ ሚስማር ላይ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አንሶላ ልለውጥ አሰብኩ። ከፍቼ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ንጹሕ አንሶላ ተቆልሏል፤ ሃያ ሦስት ይላል፣ ሃያ አራት ይላል፣ ሠላሳ ይላል። አሥራ ሰባት ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ። ቆልፌ ወጣሁ። ቁልፉን ልሰቅል እጄን ሳነሳ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ደንግጬ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ አንሶላውን ቦርሳዬ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ። ከስድስት ሰዓት በፊት አንሶላውንም ራሴንም የማጥብበት።

ውሃ የሚያሞቁት ጋሽ ኢብሮ ናቸው። ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ትልቅ በርሜል አላቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ ይሰጡኛል?»

«ለአንድ ሰው በርሜል ይጣዳል እንዴ ልጄ? የቡድን ሰዓት አሥር ነው።»

«አሥር ሰዓት ላይ እኛ የለንም፤ አውቶቡሳችን በሰባት ይመጣል።»

«እሺ፣ ልጣድልሽ ብልስ እሳቱ የታለ? ፍልጥ የለኝም። ገመዳን ጠይቂው።» ወገቤን አዩ። «በዚህ ብርድ ሹራብ ለወገብ ነው የሚታሰረው?»

በርሜሉ ያለ እሳት አልሞቅም አለ፤ እሳቱ ያለ ፍልጥ አልነድም አለ፤ እኔም አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ አጣሁ።

ገመዳ እንጨት ፈላጭ ነው፤ ጢማም፣ ሳቂታ ሰውዬ። ግንዱ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ጋሽ ኢብሮ ፍልጥ ይፈልጋሉ» አልኩት።

«እኔም እፈልጋለሁ። በጥርሴ ልፍለጠው? መጥረቢያዬን ወጥ ሠሪዋ ወስዳዋለች። ሂጂ ተቀበያት፤ እኔ ብሄድ በጭልፋ ነው የምትመታኝ።»

ግንዱ ያለ መጥረቢያ አልፈለጥም አለ፤ እሳቱ ያለ ፍልጥ አልነድም አለ፤ በርሜሉ ያለ እሳት አልሞቅም አለ፤ እኔም አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ አጣሁ። ካልሲዬ ውስጥ ያለው ነገር ቁርጭምጭሚቴን ይቆረቁረኝ ጀመር።

ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። ወጥ ሠሪዋ አስካለ የሃያ ሁለት ሰው ሳህን ታጥባለች። ጓደኛዬ ራሄማ ተረኛ ናትና አጠገቧ ቆማ ሳህን ታደርቃለች። ራሄማ ማለት ከእኔ ሥር፣ አሥራ ስድስት ቁጥር ላይ የምትተኛ፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት።

«የሺመቤት! ምን ሆነሽ ነው እንደ ዳክዬ የምትሄጂው?»

«እግሬን አሞኝ ነው።»

«ሹራቡስ? ወገብሽንም አሞሻል?»

ወደ ወጥ ሠሪዋ ዞርኩ። «አስካለ፣ ገመዳ መጥረቢያውን ስጪኝ ይልሻል።»

«ይኼ ሰነፍ! ትናንት አጥንት ከሰበርኩበት በኋላ ለእትዬ ጠጂቱ አስረከብኩ። ስለት ያለው ነገር መጋዘን ይደር የሚል ደንብ ወጥቷል። መጋዘን ነው ያለው በይው።»

መጋዘን! ገና ቅድም የገባሁበት መጋዘን። መጥረቢያው በሩ ሥር ተጋድሞ ይሆናል፤ ምናልባትም ተራምጄዋለሁ። እኔ ያየሁት ቁጥር ብቻ ነው።

መጥረቢያው ከመጋዘን አልወጣም አለ፤ ግንዱ ያለ መጥረቢያ አልፈለጥም አለ፤ እሳቱ ያለ ፍልጥ አልነድም አለ፤ በርሜሉ ያለ እሳት አልሞቅም አለ፤ እኔም አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ አጣሁ። ካልሲዬ ውስጥ ያለው ነገር ከመቆርቆር አልፎ ይወጋኝ ጀመር።

እትዬ ጠጂቱ ኮሪደሩ ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው አገኘኋቸው። አግዳሚ ወንበሩ ሥር በእጃቸው ይዳብሳሉ። ከበላያቸው ሚስማሩ ባዶውን ቀርቷል። የማረፊያው ኃላፊ አቶ ግርማቸው እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እኚህ ሰው ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ ፎጣ የት እንደሚሰቀል፣ ሁሉን በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ የለጠፉ ሰው ናቸው።

«አሥራ አንድ ዓመት ይዤው ጠፍቶብኝ አያውቅም» ይላሉ እትዬ ጠጂቱ።

«ቁልፍ ያዥ ቁልፍ ከጠፋባት ምን ልትይዝ ነው? እስከ ስድስት ሰዓት ይገኝ፤ ካልተገኘ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉና ሄዱ።

ቁልፉ ሚስማሩ ላይ አልገኝም አለ፤ መጋዘኑ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፤ መጥረቢያው ከመጋዘን አልወጣም አለ፤ ግንዱ ያለ መጥረቢያ አልፈለጥም አለ፤ እሳቱ ያለ ፍልጥ አልነድም አለ፤ በርሜሉ ያለ እሳት አልሞቅም አለ፤ እኔም አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ አጣሁ። ማንን ልክሰስ? በርሜሉ እሳቱን፣ እሳቱ ፍልጡን፣ ግንዱ መጥረቢያውን፣ መጋዘኑ ቁልፉን ሲል፣ ቁልፉ በእኔው ካልሲ ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ጀግና ነበርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልነበርኩም። መጀመሪያ ያሰብኩት ቁልፉን ሣር ውስጥ መጣል ነው። ሣር ውስጥ ይጥፋ፣ ማንም አያየኝ። ወደ በሩም ሁለት እርምጃ ሄጄ ነበር። እትዬ ጠጂቱ ግን ከወለሉ ሲነሱ ግድግዳውን ተደገፉ። ጣቶቻቸው ላይ የመርፌ ጠባሳ አየሁ። ያን ሁሉ ቁጥር በሰማያዊ ክር የጠለፉት እሳቸው ነበሩ።

የሽርጣቸውን ጫፍ ይዤ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ወሰድኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ክር ልፈታ ብል ተቋጥሮ እምቢ አለኝ። ጫማውም አልፈታም አለ! እሳቸው ጎንበስ ብለው ፈቱልኝ። ካልሲዬን አወለቅኩና ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ሞቆ ነበር። በዚያ ጠዋት በዚያ ማረፊያ የሞቀ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ቁልፉን አዩ። እኔን አዩ። ወገቤ ላይ የታሰረውን ሹራብ አዩ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ አራት።»

«የመጀመሪያሽ ነው?»

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ።

«እናትሽ ነግራሽ ነበር?»

ራሴን ወዝውዤ አልነገረችኝም አልኩ።

«አንሶላውስ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«እሱን ልታጥቢበት ነው ሙቅ ውሃ ፍለጋ ግቢውን ሁሉ የዞርሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «የእኔ ሞኝ! ደም በሙቅ ውሃ ካጠቡት ይይዛል እንጂ ይለቃል? በቀዝቃዛ ነው የሚታጠብ። ቀዝቃዛ ውሃ እንደሆነ ይኸው፣ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ነው ያደረው።»

ለካ ውሃው አጠገቤ ነበር። በርሜል የማይፈልግ፣ እሳት የማይፈልግ፣ ቁልፍ የማይፈልግ ውሃ።

«አንሶላውን በቀዝቃዛ» አሉ ዕንባዬን በሽርጣቸው እየጠረጉ፤ «አንቺን ግን በሙቅ። ቆይ።»

ሄዱና ኮሪደሩ መሐል ቆመው ጮኹ። «አገኘሁት! አገኘሁት! ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው ለካ! እርጅና ነው እንግዲህ!»

«አላልኩም? ቁልፍ መያዝ አትችልም» አሉ አቶ ግርማቸው።

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ራሄማ ጎንበስ ብላ ወንበር ሥር እየዳበሰች «ቁልፌ! ቁልፌ!» እያለች እሳቸውን አስመሰለች፤ ሳቁ ባሰ። እኔም እንዳይነቃብኝ አብሬ ሳቅኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የደበቅኩት ቁልፉን አይደለም፤ አንሶላውንም አይደለም። ያችን ሳቅ ነው።

ከዚያማ ቁልፉ መጋዘኑን ከፈተ፤ መጋዘኑ መጥረቢያውን ሰጠ፤ መጥረቢያው ግንዱን ፈለጠ፤ ፍልጡ እሳቱን አነደደ፤ እሳቱ በርሜሉን አሞቀ። ጋሽ ኢብሮ «ከጣድኩ አይቀር ለቡድኑ ነው» ብለው ያለ ሰዓቱ ደወሉን ደወሉ። ሃያ አንድ ልጆች ፎጣቸውን እያውለበለቡ ሮጡ። ለእኔ እትዬ ጠጂቱ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ አስቀመጡልኝ፤ ከጆጉ አጠገብ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ በአራት የታጠፈ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲነካኝ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አንሶላውን በቀዝቃዛ ውሃ አብረን አጠብነው። እጃችን ቀላ። ጨምቀን ትኩሱ በርሜል አጠገብ ሰቀልነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ቲቸር አጸደ «የሺመቤት፣ አሥራ ሰባት!» ብለው ጠሩ። ራሄማ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ዘረጋነው። ነጭ ነበር።

«እርጥብ ነው!» አለች ራሄማ። «የሺ፣ ሸንተሽበታል እንዴ?»

«ከጣሪያው ነው» አሉ እትዬ ጠጂቱ ፈጠን ብለው። «የላይኛው አልጋ ላይ ጠል ይንጠባጠባል። ስንቴ ተናገርኩ!»

አጥፈው ተቀበሉኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አየኋቸው። አቶ ግርማቸው የመጋዘኑን ቁልፍ ከእጃቸው ተቀብለው ቀበቶአቸው ላይ ያስሩ ነበር። እትዬ ጠጂቱ በባዶ እጃቸው አውለበለቡልን።

አሁን እኔ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊ ነኝ። አልጋችን ተደራራቢ ነው፣ ታችና ላይ። ለእትዬ ጠጂቱ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌ ሦስቴም ቀድጃለሁ፤ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። እዚህ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ ከመታጠቢያ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። አዲስ ለገባች ልጅ ሁሉ፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን፣ ስለ ቀዝቃዛው ውሃ እነግራታለሁ። አንሶላዎቻችን ቁጥር የላቸውም። አንሶላ የምናስቀምጥበት ቁም ሳጥንም ቁልፍ የለውም። «ቢሰረቅስ?» ይሉኛል። «ይሰረቅ» እላለሁ።

ተረቴን መልሱ። ቁልፉንም ሚስማሩ ላይ መልሱ።