ዞራ ያየችው ዶሮ

«ስልኩ ውስጥ ሰይጣን አለ» ስትባባሉ ሰማኋችሁ። እንግዲያስ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የሚያንቀላፋም ካለ ካሁኑ ይነሳልኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋኝ አገር፣ አንድ ጥበበኛ ጉሬዛ ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ሠራና መንገዱን ቀጠለ። ወይ ጉድ! ውሃው ሲወርድ፣ በሬ የማይነቀንቀው ድንጋይ ብቻውን ይዞራል፤ ዱቄቱ ቡን ይላል። እንስሳቱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ደፍሮ የሚገባ ግን ጠፋ።

ይሄኔ ቀበሮ ብቅ አለ። «የወፍጮውን ቋንቋ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እህሉን እኔ አስገባላችኋለሁ፣ ዱቄቱን እኔ አወጣላችኋለሁ» አላቸው።

ወፍጮው «ጉርርር!» አለ።

«ምን አለ?» አሉ እንስሳቱ።

«ጫጩት አምጡ ነው የሚለው። ደጃፉ ላይ አስቀምጣችሁ ሂዱ፤ ሲበላ እኔም አልጠጋው። ዞሮ ያየ፣ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል!»

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ማግስት አንዷ ዶሮ ጫጩቷን አስቀምጣ እያለቀሰች ትመለሳለች። ወፍጮው ጉርርር ባለ ቁጥር ቀበሮ ይተረጉማል፤ በተረጎመ ቁጥርም ይወፍራል። ማን ልብ ብሎ!

ተራው የእመት ዶሮ ሆነ። ሌሎቹን ጭልፊት ወስዶባት የቀረቻት አንዲት ጫጩት ናት።

«አያ ቀበሮ፣ በፈጠረህ! በሷ ፈንታ እኔን ይብላኝ» አለችው።

ወፍጮው ጉርርር አለ።

«ሥጋሽ ጠንካራ ነው ይላል» አላት ቀበሮ ምራቁን እየዋጠ። «ደግሞ እንዳትረሺ፤ ዞሮ ያየ፣ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል!»

ምን ታድርግ? ልጇን ደጃፉ ላይ አስቀመጠቻት። ሊሸኛት የመጣው መንደርተኛም ጀርባውን ሰጥቶ መመለስ ጀመረ። ጫጩቷ ከኋላ «እማ! እማ!» ስትል የእመት ዶሮ እግር አልሄድ አለ። «ልጄ ከተበላች፣ እኔ ድንጋይ ብሆን ምን ቀረብኝ?» አለችና ዞረች።

ድንጋይ አልሆነችም። ቀበሮ ከወፍጮው ሥር ወጥቶ፣ ከንፈሩን እየላሰ ወደ ልጇ ሲሄድ አየችው።

«ዙሩ! ቀበሮው ነው፣ ዙሩ!»

ማንም አልዞረም። ያ ግዙፉ በሬ እንኳ ጆሮውን ጥሎ ይገሰግሳል።

«ኧረ እናንተ! ዞሬ አይቻለሁ እኮ! ድንጋይ ብሆን ማን ነው የሚጮኸው?»

እመት አህያ ቆም አለች። «እውነቷን ነው፤ ድንጋይ አይጮኽም» ብላ ዞረች። ዞራም አልቀረች፤ ተንደርድራ ሄዳ በኋላ እግሯ አንዴ ብትለው ቀበሮ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ውሃው እያንከባለለ ወሰደው፤ በዚያ አገር ዳግመኛ አልታየም።

እመት ዶሮ ልጇን ክንፏ ሥር ሸጉጣ ወደ ወፍጮው ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት። ጋኔን የለ፣ ጥርስ የለ። ውሃው ይወርዳል፣ ድንጋዩ ይዞራል፣ ዱቄቱ ይፈሳል። «ጉርርር!» ሲል ጫጩቷ በድንጋጤ ተወሸቀች።

«ምን አለ እማ?»

«ምንም አላለ ልጄ፤ እየፈጨ ነው» አለቻት። እሷም ግን ዓይኗን መንቀል አቃታት። «ውሃ ድንጋይ ሲያዞር! የፈጣሪ ያለህ፣ እንዲህ ያለም ጥበብ አለ?» እያለች እዚያው ቆማ ዋለች።

እኔ ተናገርኩ፣ እናንተ ያዙልኝ፦ ድንጋይ ሲፈሩ፣ ለቀበሮ ገበሩ።