የእማማ አህዪት ረዳቶች

አንድ ጊዜ፣ አውሬውም የቤት እንስሳውም ልጆቹን አንድ ላይ በሚያስተምርበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ርዕሰ መምህሩ አያ አንበሶ ነበሩ። ስለ ትምህርቱ ጥራት ምንም አልልም። ርዕሰ መምህሩ ጥፍር ስለነበራቸው ግን የሚያረፍድ ተማሪ አልነበረም።

ክረምት ሊገባ ሲል አያ አንበሶ የመጨረሻውን ክፍል ተማሪዎች ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«ዘንድሮ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሳይሰጥ የሚመረቅ የለም። ከየሠፈራችሁ አቅም ያነሰውን ፈልጉና በገዛ እጃችሁ ሥሩለት። በመዝጊያው ዕለት የረዳችሁት ራሱ እዚህ ይመጣና በአንደበቱ ‹ረድተውኛል› ይላል። ‹ረድተውኛል› ያልተባለለት ቤቱ ይቀመጣል።»

በጎ ፈቃድ ያሉት እንግዲህ ይኸን ነው። ተማሪው አጉረመረመ። አያ አንበሶ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ግን ሁሉም ፈቃደኛ ሆነ።

ጃርት ምንጭ ጠረገ። ሚዳቋ ለትንንሾቹ ፊደል አስቆጠረች። ስለ እነሱ የሚወራ ተረት የለም፤ ሥራቸውን ሠርተው ቤታቸው ገቡ። ተረቱ ያለው ቀበሮና ጅብ ዘንድ ነው።

«የት ሄደን እንርዳ?» አለ ጅብ።

«እማማ አህዪት ቤት» አለ ቀበሮ። «ጣራቸው ያፈሳል። ጎታቸው ደግሞ ገብስ ሞልቶታል።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «እሳቸውን መብላት ክልክል ነው አይደል?»

«ክልክል ነው። እሳቸውን አንበላም፤ እሳቸው ናቸው የሚያበሉን።»

እማማ አህዪት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ለጣራቸው ክዳን የሚሆነውን ሣር ራሳቸው አጭደው ደጃፋቸው ላይ ከምረው፣ የሚከድንላቸው ጉልበት ያለው ጠፍቶ ተቀምጠዋል። ጅብ በራቸው ላይ ብቅ ሲል ወደ ጓዳ አፈገፈጉ።

«አይፍሩ እማማ» አለ ጅብ። «የመጣሁት ለአገልግሎት ነው።»

«ዝናቡ ሳይመጣ ጣራዎን ልንከድንልዎ ነው» አለ ቀበሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

እማማ አህዪት እንባቸው መጣ። «ተባረኩ ልጆቼ። ለካ ሰው አለኝ» አሉ።

ደግሞም እውነታቸውን ነው፤ ልጆቹ ሠሩ። እስከ ረፋዱ አሮጌውን ሣር ከጣራው ላይ ገፈው ጣሉት። ማፍረስ እንደሆነ ይቀናል፤ ምሳንም ቶሎ ያደርሳል። እማማ አህዪት ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ሴት ናቸው። ለእሳቸው የሠራ ሰው አፉን ሳያብስ ከደጃቸው ከሚወጣ ጣራው ሁሉ ቢያፈስ ይመርጣሉ። በሶውን በጠበጡ፣ ቆሎውን ቆሉ።

«ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ በሞቴ።»

ጅብ በሞቴ ሲባል ጨክኖ አያውቅም። በሶውን ጠጣና ማንኪያውን አብሮ ዋጠው።

ቀበሮ አፉን ጠርጎ ተነሣ። «እማማ፣ ከምሳ በኋላ ጣራ ላይ መውጣት ለጤና አይሆንም። ነገ እንመለሳለን» አለ።

በማግስቱ ለኩ። ቀበሮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንጨት ይዞ ቤቱን ሲዞር ዋለ። ምን እንደለካ እሱም አያውቅም፤ ምሳ ሲደርስ ግን ልኩ አለቀ። በሌላው ቀን ውይይት አደረጉ። ተወያዮቹ ቀበሮና ጅብ ብቻ ስለነበሩ ቶሎ ተስማሙ፤ የተስማሙት ምሳ ይቅደም በሚለው ላይ ነው። እንዲህ እያሉ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ይመላለሱ ጀመር። ሣሩ ደጃፍ ላይ እንደተከመረ ነው፤ ጅብ ከምሳ በኋላ ይተኛበታል።

አንድ ቀን ደግሞ እማማ አህዪት ቀና ቢሉ የጣራውን እንጨቶች ከምሰሶው አናት ጋር ያሰረው የቆዳ ጠፍር የለም።

«ጠፍሬስ?» አሉ።

«አርጅቶ ነበር እማማ፤ አነሣሁት» አለ ጅብ።

«ወዴት አደረግኸው?»

ጅብ ሆዱን ዳበስ አደረገ። «ደህና ቦታ ነው ያለው።»

ያን ዕለት ልጆቹ ሲሄዱ እማማ አህዪት ወደ ጎታው እጃቸውን ሰደዱ። የክረምቱ ገብስ ከጥቂት ጭብጥ በቀር አልቆ ኖሯል፤ ጣታቸው የጎታውን ወለል ነካ። ወሽመጣቸው ቁርጥ አለ። ቀና ሲሉ ጥቁር ደመና ክዳን በሌለው ጣራቸው ላይ ተጎልቷል። እነዚህ ልጆች ሳይመጡ በፊት የሚያፈስ ጣራና ሙሉ ጎታ ነበራቸው፤ አሁን ሁለቱም የሉም።

ጎረቤታቸው ኤሊት አንገቷን አውጥታ ትመለከት ነበርና «ለምን አያባርሯቸውም?» አለቻቸው።

«ምን ብዬ?» አሉ እማማ አህዪት። «ልርዳዎ ብሎ የመጣን ልጅ ሂድልኝ ይባላል? ሰው ምን ይለኛል?» ይህን ብለው አለቀሱ። የተናደዱት በልጆቹ ብቻ አልነበረም፤ በገዛ አፋቸውም ጭምር ነው፣ ብሉ እንጂ አትብሉ ማለት በማያውቀው።

የመዝጊያው ዋዜማ ምሳ ተበልቶ እንዳለቀ ቀበሮ ጠጋ አለና «እማማ፣ ነገ ‹ረድተውኛል› ማለትዎን እንዳይረሱ» አለ። «ተመረቁ ብለውም እንዳያዝኑ። እኛ እንደሆንን አንለይዎትም፤ ክረምቱን ሙሉ እየመጣን እንረዳዎታለን።»

ክረምቱን ሙሉ ሲባሉ የእማማ አህዪት ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከጅብ ጥርስ ይልቅ ይኸ እንረዳዎታለን አስደነገጣቸው። ግን አልጮሁም፤ ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ።

«ውለታችሁንማ አልረሳም ልጄ» አሉት።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። ጃርት ተመሰገነ፣ ሚዳቋ ተጨበጨበላት። ተራው ደረሰና አያ አንበሶ «እማማ፣ ቀበሮና ጅብ ረድተውዎታል?» ብለው ጠየቁ።

«ጌታዬ» አሉ እማማ አህዪት እጅ ነሥተው፣ «ልጆቹ እንዴት እንደሚረዳ አሳይተውኛል። ቃሌን ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ነገር ይፈቀድልኝ። እኛ ያረጀነውስ ለምን ተረድተን ብቻ እንቀራለን? የቀበሮን እናት ቤት ዛሬውኑ ሄደን እናድስላት። ልጆቹ ለእኔ እንደሠሩት አድርገን፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ።»

አያ አንበሶ ልባቸው ተነካ። «እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ተፈቅዷል። የሁለቱ ምርቃት ለነገ ይቆይ» አሉ።

ቀበሮ ዘሎ ተነሣ። «የለም የለም፣ የእናቴ ቤት ምንም አልጎደለውም» አለ።

«ትሕትናውን አያችሁ?» አሉ አያ አንበሶ ለተሰበሰበው ሁሉ።

እማማ አህዪት፣ ኤሊትና አንድ ሆዳቸው የማይጠግብ ሽማግሌ ከርከሮ ቀበሮ ቤት ደረሱ። የቀበሮ እናት እንግዶቿን በደስታ ተቀበለች። ከርከሮ በጥርሳቸው የጉድጓዱን በር ቆፍረው ቆፍረው በሬ የሚያሳልፍ አደረጉት። ይኼኔ ቆም ብለው አየሩን አሸተቱ።

«ምሳ ደርሷል?» አሉ።

የቀበሮ እናትም ይሉኝታ አላት። ለሥራ የመጣ ሽማግሌ ጠይቆ እንዴት ይከለከላል? ለክረምት ያስቀመጠችውን አወጣች። ከርከሮ ጠራርገው በሉና ጎናቸውን ጣል አደረጉ።

«እንግዲህ ከምሳ በኋላ መቆፈር ለጤና አይሆንም። ነገ እንመለሳለን» አሉ።

«ነገም?» አለች የቀበሮ እናት፣ ወለል ብሎ የቀረ በሯን እያየች።

«ነገ እንለካለን» አሉ እማማ አህዪት በለሰለሰ ድምፅ። «ከነገ ወዲያ ውይይት አለ። ክረምቱን ሙሉ አንለይሽም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ያስተማረን ልጅሽ ነው።»

የቀበሮ እናት የቀበሮ እናት ናትና ነገሩ ቶሎ ገባት። ዞር ብላ ልጇን አየችው። ልጇ መሬት መሬት ያያል። ከኋላው ጅብ ምሳ ሸትቶት ገና መድረሱ ነው።

«የእማማን ጎታ እንዲህ ነው ያደረጋችሁት?»

«ብሉ ያሉን እሳቸው ናቸው» አለ ቀበሮ።

«ብሉ ይበሉህ። ሥራውስ?»

እንዲህ ብላ በአንድ እጇ የልጇን፣ በሌላው የጅብን ጆሮ ይዛ ወደ እማማ አህዪት ቤት ነዳቻቸው። ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሯል። ያን ዕለት ልክም ውይይትም አልነበረም። ጅብ ሣሩን ተሸክሞ ያቀብላል፣ ቀበሮ ጣራ ላይ ሆኖ ይከድናል፣ እናቱ ከታች ዱላ ይዛ ታመሰግናለች። ስንት ቀን ያልተሠራው ጣራ ከሰዓት በኋላ አለቀ።

አለቀ ሲባል ዝናቡ መጣ፣ ከባድ ነፋስ ይዞ። ይኼኔ የጣራው እንጨቶች ከምሰሶው አናት ላይ መንሸራተት ጀመሩ።

«የሚያስራቸው ጠፍር የታለ?» አለች የቀበሮ እናት።

ሁሉም የጅብን ሆድ አየ።

«እንግዲያው ና፣ ምሰሶው ላይ ውጣ» አለችው ጅብን። «ጠፍሩን የበላኸው በዚህ አፍ ነው? ክፈተው። አሁን እንጨቶቹን ከምሰሶው ጋር ንከስ። ልጄ ከዛፍ ልጥ ልጦ ገመድ ገምዶ እስኪመጣ እንዳትለቅ።»

የጅብ መንጋጋ አጥንት የሚያደቅ መንጋጋ ነው፤ ሲነክስ ጣራው ቀጥ አለ። ቀበሮ በዝናቡ ውስጥ ልጥ ፍለጋ ሮጠ። ዝናቡ ውጪ ይዘንባል፣ ቤት ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባም።

እማማ አህዪት ከጎታው ወለል የቀረችውን ገብስ ጠራርገው ቆሉ። ቤቱን የቆሎ ሽታ ሞላው። ሰሐኑን ይዘው ከምሰሶው ሥር ቆሙና አንድ ጭብጥ ወደ ጅብ ሽቅብ ዘረጉለት።

«ብላ እንጂ ልጄ።»

«እምምም» አለ ጅብ።

«ምነው፣ ቅር አለህ? ያቺን ብቻ። በሞቴ።»

የጅብ ምራቅ በምሰሶው ላይ ቁልቁል ፈሰሰ። አፉን ቢከፍት ጣራው በራሱ ላይ ይመጣል፤ በሩ ላይ ደግሞ የቀበሮ እናት ከነዱላዋ ቆማለች። በሞቴ ተብሎ ሲጨክን የዚያን ቀን የመጀመሪያው ነው። እማማ አህዪት አንድ አንድ እያሉ፣ እያጣጣሙ በሉት። ቀበሮ በስብሶ ገመዱን ይዞ ሲመጣና ጣራው ሲታሰር ሰሐኑ ባዶ ነበር።

በማግስቱ አያ አንበሶ እንደገና ጠየቁ። «እህ እማማ፣ ልጆቹ ረድተውዎታል?»

እማማ አህዪት ቀበሮን አዩ፤ ጆሮው አብጧል። ጅብን አዩ፤ መንጋጋው ደርቆ ማዛጋት እንኳ አቅቶታል።

«ረድተውኛል ጌታዬ» አሉ። «ትናንት።»

ከዚህ የምንማረው፣ ልንረዳው የገባንበት ቤት ስንወጣ ከበፊቱ ይልቅ ባዶ ሆኖ ከቀረ፣ የረዳነው የገዛ ሆዳችንን እንጂ ባለቤቱን አለመሆኑን ነው።