ጎልያድ አልገባም ያለ ቀን

ተረቴን ስሙኝ፤ ካልሰማችሁኝ ለግድግዳው አወራዋለሁ።

በደብረ ብርሃን ጥጃ የሚያክል ጎልያድ የሚባል ውሻ ነበር። ቅድመ አያቶቹ ባሕር ማዶ፣ ተራራ ላይ ከመነኮሳት ጋር ኖረው በረዶ የቀበረውን መንገደኛ እየቆፈሩ ያወጡ ነበር አሉ። አንድ ፈረንጅ ሐኪም ቡችሎች ይዞ መጣ፤ ጎልያድ የእነዚያ የልጅ ልጅ ነው። ልሃጩ ለጉድ ነው፤ ጠባዩ ግን ጫጩት እግሩ ሥር ስትጭር ቆሞ የሚጠብቅ ገር። ምን ያደርጋል፣ የግዙፍ ውሻ ዕድሜ አጭር ነው። ዛሬ እንደሱ ያለ የለም፤ ይናፍቀኛል።

ጌታው አቶ ልሳነወርቅ ባረፉ በሳምንቱ ሰማዩ ጠቆረ። ሚስታቸው እትዬ አጸደ ደጅ ወጥተው፣ "ጎልያድ፣ ግባ። የዛሬው ዝናብ ላንተ ዕድሜ አይሆንም፤ ይገድልሃል" አሉት።

"ጋሼ ሳይመጡ አልገባም" አለ።

እንዳይሸከሙት ጥጃ ነው። ወደ በትሩ ሄዱ። "ውሻው ቤት አልገባም አለ፤ ምታልኝ።"

"አልመታም። ቡችላ ሳለ በጥርሱ እየጎተተ ያጫወተኝ እሱ ነው" አለ በትሩ።

ወደ እሳቱ ሄዱ። "በትሩ ውሻ አልመታም፣ ውሻው ቤት አልገባም አለ፤ በትሩን አቃጥልልኝ።"

"አላቃጥልም። ስንት ክረምት ፍሜን ቆስቁሶልኛል" አለ እሳቱ።

ወደ ውሃው ሄዱ። "እሳቱ በትር አላቃጥልም፣ በትሩ ውሻ አልመታም፣ ውሻው ቤት አልገባም አለ፤ እሳቱን አጥፋልኝ።"

"አላጠፋም። እኔ ከላይ እሱ ከሥር ሆነን ስንት ማሰሮ አፍልተናል" አለ ውሃው።

ወደ በሬው ሄዱ። "ውሃው እሳት አላጠፋም፣ እሳቱ በትር አላቃጥልም፣ በትሩ ውሻ አልመታም፣ ውሻው ቤት አልገባም አለ፤ ውሃውን ጠጣልኝ።"

"አልጠጣም። ያደግሁት ከሱ ዳር ነው" አለ በሬው። ሁሉም ትዝታ ይዞት እምቢ ሲል ዝናቡ ሊደርስ ሆነ።

ወደ ባለ ሥጋ ቤቱ ወደ ጋሽ ጥላዬ ሮጡ። "በሬው ውሃ አልጠጣም፣ ውሃው እሳት አላጠፋም፣ እሳቱ በትር አላቃጥልም፣ በትሩ ውሻ አልመታም፣ ውሻው ቤት አልገባም አለ፤ በሬውን ይረዱልኝ።"

"ጎልያድ? ጎርፍ ሲወስደኝ ካፖርቴን ነክሶ ጎትቶ ያወጣኝ? ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ" አሉና ቢላዋቸውን አነሱ።

ይሄኔ በሬው ውሃውን ልጠጣ አለ፣ ውሃው እሳቱን ላጥፋ፣ እሳቱ በትሩን ላቃጥል፣ በትሩም እያለቀሰ ውሻውን ልምታ ብሎ ተነሣ። እትዬ አጸደ ይህን ሲያዩ አንጀታቸው አልቻለም። ውሻው ላይ ተደፍተው፣ "ተወው፣ እኔን ምታ" አሉ።

ጎልያድ ያን ጊዜ ብድግ አለ። እትዬን ከኋላው አድርጎ በትሩ ፊት ቆመ። በትሩም ደስ ብሎት ወደቀ።

"ጋሼ አይመጡም፣ ልጄ" አሉት እትዬ፣ የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍባቸው።

 ጎልያድ በግንባሩ ገፋ አደረጋቸው። "እርስዎ ከገቡ እገባለሁ" አለ።

ተያይዘው ገቡ፤ ክረምቱንም አብረው ከረሙ። አፌን በዳቦ ማበስ ይቅርባችሁ፤ ዳቦውን በጎልያድ ስም ለአንድ ውሻ ስጡልኝ።