አምስቱ ብሮችና የክረምቱ ማደሪያ

ተረት በር ላይ ቆማለች፤ «ትግባ!» በሏት። አልሰማችም፣ ጮክ በሉ! «ትግባ!» እንግዲህ ገባች፣ ተቀመጠችም። አሁን ጆሯችሁን ስጧት።

ድሮ፣ እንስሳት ገበያ ወጥተው በብር ሲገበያዩ፣ ብርም አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ አንዲት አህያ ነበረች። እመት አህያ ይሏታል። ጨው ተጭና ዳገት እየወጣች፣ ጨው ተጭና ቁልቁለት እየወረደች፣ በብዙ ዓመት ድካም አምስት ጠገራ ብር አጠራቀመች። አምስት! በእያንዳንዱ ብር ላይ የአንዲት ወፍራም ንግሥት መልክ አለ። በንግሥቲቱ ራስ ላይ ሰባት ዕንቁ፣ በትከሻዋ ላይ ደግሞ አንድ ፈርጥ ተቀርጿል። እመት አህያ ማንም በሌለበት ታወጣቸውና «ደህና ናችሁ?» ትላቸዋለች። «ደህና ነን!» ይሏታል አምስቱም።

ብሮቹን የምትፈልጋቸው ለአንድ ነገር ነው። ውርንጭላ ልጅ አለቻት። ልጅቷ ውሃ ለመጠጣት በአያ ጅቦ ደጅ ማለፍ ግዴታዋ ነው። ባለፈች ቁጥር አያ ጅቦ ደጁ ላይ ተቀምጦ «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ? ወፈር አላልሽም?» ይላታል። እናት በአምስቱ ብር ልጇ በዚያ ደጅ ሳታልፍ የምትጠጣበትን ውሃ ልትገዛላት ነው።

አያ ጅቦ ከኮረብታው ማዶ ከአባቱ የወረሰው መስክ ነበረው፤ መሃሉ ላይ ምንጭ ይፈልቃል። ሣር ለማይበላ ጅብ መስክ ምን ይሠራለታል? እመት አህያ የሰኔው የመጨረሻ ገበያ ሲበተን፣ ዓይን አፋርነቷን እንደ ምንም ዋጥ አድርጋ ተጠጋችው።

«አያ ጅቦ፣ መስክህን ትሸጥልኛለህ?»

«በስንት?»

«በአምስት ብር።»

አያ ጅቦ በጎቹም ፍየሎቹም እስኪዞሩ ድረስ ሳቀ። «እሸጥልሻለሁ! ግን ብሩ ገበያ የሚቀበለው ይሁን። ብር መርማሪዋ እመት ጦጣ ወንዙ ሳይሞላ ብላ ተሻግራ ሄዳለች። ክረምቱ ወጥቶ የመስቀል ገበያ ሲቆም ትመጣና ታያቸዋለች። አምስቱም ካለፉ መስኩ ያንቺ። አንዱ እንኳ ከወደቀ ግን . . .»

«ከወደቀ?»

«አንቺም ልጅሽም እኔ ግቢ ትገባላችሁ። ለሥራ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም!» አለና ከንፈሩን ላሰ።

በጎችና ፍየሎች ምስክር ሆኑ። እመት አህያ ወደ ቤቷ የሄደችው እየዘለለች ነበር። ሦስት ወር! ብርን ሦስት ወር ማስቀመጥ ምን ያቅታል?

ቤቷ ስትገባ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው አዲስ ስልቻ ጮኸ። «እኔ ጋ! እኔ ጋ! ቆዳ ነኝ፤ ብወድቅ አልሰበር። አፌን በጠፍር ካሰርሽው ማን ይፈታኛል?»

«እውነትህን ነው!» አለች እመት አህያ። አምስቱንም ከተተቻቸው።

ስልቻው ግን ገና በደንብ ያልለፋ ቆዳ ነበር። ዝናብ ሲመጣ አላበው፣ ሲያልበው ሸተተ። ነፋስ ሲገባ ይወዛወዛል፤ በተወዛወዘ ቁጥር ብሮቹ ቅጭል ቅጭል እያሉ ይጋጫሉ። በወሩ ጠፍሩን ስትፈታው አምስቱም እንደ ከሰል ጠቁረዋል።

«ኧረ እመት አህያ!» አለ ትልቁ ብር እያሳለ። «ታፈንን! ላብ በላብ ሆንን፤ እርስ በርሳችንም ተፋተግን!»

«ወይኔ! የት ላድርጋችሁ?»

«እኔ ጋ! እኔ ጋ!» አለ ከሳጥኑ ውስጥ አሞሌ ጨው። «ስንት ዓመት ተሸክመሽኝ ታውቂኝ የለ? ሥጋ ሳይበላሽ እንዲከርም የማደርግ እኔ፣ ለብር አንሳለሁ?»

ዕድሜዋን ጨው የተሸከመች አህያ ጨውን እንዴት አታምን? «እውነትህን ነው!» አለች። ብሮቹን በአሞሌዎቹ መሃል ደረደረቻቸው።

ነሐሴ ገባ፣ ጉሙ ወረደ። ጉሙ ሲወርድ አሞሌው ማልቀስ ጀመረ፤ እንባው ጠብ ጠብ እያለ በንግሥቲቱ አፍንጫ ይወርዳል። በወሩ ሳጥኑን ስትከፍት የብሮቹ ጠርዝ አረንጓዴ ሆኗል።

«ኧረ እመት አህያ!» አለ ትልቁ ብር። «ይህ ጨው አይደለም፣ አልቃሻ ነው! ፊታችንን በላው!»

እመት አህያ ብሮቹን ደጅ አውጥታ፣ ከፊታቸው ቆማ ስታለቅስ፣ አያ ጅቦ ብቅ አለ።

«እንዴት ከረምሽ ጎረቤት? ምን ሆነሽ ነው?» ጎንበስ ብሎ አየ። «ውይ! ውይ! ጠቁረዋል! አረንጓዴ አብቅለዋል! እመት ጦጣ ይህን ስታይ ምን ትላለች?»

«ምን ይሻለኛል አያ ጅቦ?»

«አይዞሽ! ጎረቤት ለምን ቀን ነው? አመድ አምጪ፣ አሸዋ አምጪ፣ ሻካራ ጨርቅ አምጪ። አንቺ ጣት የለሽም፣ እኔ ላሳይሽ።» አንዱን ብር አነሳ። እሽት! እሽት! እሽት! ግማሽ ቀን ሙሉ አሸው። ብሩ «አንድዬ! አንድዬ!» ይላል፤ አያ ጅቦ አይሰማም። ሲጨርስ ብሩ ፀሐይ መሰለ።

«አየሽ? እነዚህን አራቱን አንቺው ጨርሺ» ብሎ፣ እያፏጨ ሄደ።

እመት አህያ በደስታ ዘለለች። አመዱን በኮቴዋ አፍሳ፣ ሁለተኛውን ብር ልትጀምር ስትል ትልቁ ብር ጮኸ።

«ተይ! መጀመሪያ የወንድሜን ፊት እዪ!»

አየች። ንግሥቲቱ አፍንጫዋ ተደፍጥጧል። ከሰባቱ ዕንቁ የቀሩት ሦስት ናቸው። የትከሻዋ ፈርጥ የለም።

«ገበያ የሚያውቀን በዕንቁዎቻችን ነው» አለ ትልቁ ብር። «ጥቁረት ከላያችን ነው፤ የተፋቀ ግን አይመለስም።»

እመት አህያ አመዱን ከኮቴዋ አራገፈች። አንዱ ከወደቀ እሷም ልጇም ጅብ ግቢ ሊያድሩ ነው! አንዱ ደግሞ ይኸው፣ እያበራ ሞቷል።

«እኛን ደግሞ ማንም አይጠይቀንም!» አለ አንድ ድምፅ። አንድ ድምፅ አይደለም፤ ሺህ ቀጫጭን ድምፅ ነው። በቤቱ ምሰሶ ላይ ከተንጠለጠለው ቅል ውስጥ ጤፎቹ ነበሩ። «ትንንሾች ነን፣ ትንንሾች ነን! ግን ደረቆች ነን! እኛን ነቀዝ አይደፍረንም! ስንት ክረምት አልፎብናል!»

«ምን ላድርግ? ንገሩኝ!»

ጤፎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንጫጩ። «ጨውን በዝናብ ውሃ አለቅልቂ! እሽት እንዳትይ! በጥጥ ጫን፣ ጫን አድርገሽ አድርቂ! ጠርዙን ያዢ፣ ፊቱን አትንኪ! እያንዳንዱን ለየብቻ በጥጥ ጠቅልይ! ከዚያ እኛ መሃል ቅበሪው! ቅሉን ከምድጃው ጭስ አርቂው! ከሚያፈሰው ጣራም አርቂው!»

«ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ!» እያለች ያሉትን ሁሉ አደረገች። የተፋቀውንም ብር እንደ ወንድሞቹ ጠቀለለችው። ከዚያ በኋላ ያለው ወር ግን ከሁሉም ከበዳት። ጠዋት ተነስታ ቅሉን ታያለች፤ ቀትር ላይ ተመልሳ ቅሉን ታያለች። «አንድ ጊዜ ብቻ ልክፈት?» ትላለች። «አትነካኪን!» ይሏታል ጤፎቹ።

ክረምቱ ወጣ። ወንዙ ጎደለ። የመስቀል ገበያ ቆመ!

በጎች መጡ፣ ፍየሎች መጡ፣ እመት ጦጣም ሰፊ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። አያ ጅቦ ጠጉሩን አበጥሮ ቀድሞ ቆሟል። እመት አህያ ውርንጭላዋን ከጎኗ አድርጋ፣ ቅሏን አንግባ ደረሰች።

እመት ጦጣ የመጀመሪያውን ብር ከጥጡ ፈታች፤ ሁለት ፍሬ ጤፍ ዱብ ዱብ አሉ። ጠርዙን ይዛ አገላበጠችው፣ በጥፍሯ ቆጠረች፣ ድንጋዩ ላይ ጣለችው። ቅልልልል!

«ሰባት ዕንቁ፣ አንድ ፈርጥ። አለፈ!»

«ጥቁር ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ።

«ጥቁረቱ የዕድሜ ልብሱ ነው። ማን አውልቀው አለህ?»

ሁለተኛው አለፈ፤ ሦስተኛው አለፈ፤ አራተኛውም ቅልልል ብሎ አለፈ! ፍየሎቹ በደስታ ዘለሉ። አምስተኛው ከጥጡ ሲወጣ ገበያው በብርሃን ተሞላ። እመት ጦጣ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ሦስት ዕንቁ። ፈርጥ የለም። ወደቀ።»

«ኑ ልጆቼ፣ እንግባ!» አለ አያ ጅቦ ብድግ ብሎ። ውርንጭላዋ ከእናቷ ሆድ ሥር ተደበቀች።

እመት አህያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበች። «ይህን ብር የፋቀው . . . አያ ጅቦ ነው።»

«እኔ? ብር የሚባል በእጄ ነክቼ አላውቅም!»

«ምስክር አለሽ?» አለች እመት ጦጣ።

«ብሮቹ አሉ።»

«የብር ምስክርነት ለጌታው ያደላል። በገበያችን አይሰማም።»

ይህ ሲሆን በጎቹ የሚያበራውን ብር ከበውታል። «እዩት! ፊቴ ይታየኛል!» አለች አንዷ በግ። «ቀንዴም ይታየኛል! የወለወለው እጅ ይባረክ!» አለች ፍየል። እመት አህያ ቀና ስትል የአያ ጅቦ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየች። ውዳሴውን እየጠጣው ነበር። በሕይወቷ ሙሉ በገበያ ፊት ጮክ ብላ ተናግራ የማታውቀው አህያ ትንፋሿን ሳበች።

«እሺ፣ እውነቱን ልናገር! ብሩን የወለወልኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ?» አሉ በጎቹ። «እልልል!» አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በዚች ኮቴዬ ነው!»

«በኮቴሽ? እልልልል!» አያ ጅቦ መሬቱን ጫረ።

«ለዚያውም ዓይኔን ጨፍኜ! እንደኔ የሚወለውል በአገሩ የለም!»

«እልልልልል!»

«ውሸቷን ነው!» ብሎ ፈነዳ አያ ጅቦ። «ኮቴ ብር ይወለውላል? እነዚህ ጣቶች ናቸው! አመዱን ያዘዝኩ እኔ! አሸዋውን ያዘዝኩ እኔ! ክንዴ እስኪዝል ግማሽ ቀን ያሸሁት እኔ! እሷማ ቆማ አፏን ከፍታ ነበር!»

ገበያው ሁሉ ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«ብር ነክተህ አታውቅም አላልክም?» አለች እመት ጦጣ በቀስታ።

አያ ጅቦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የገበያው ሕግ የታወቀ ነው፤ የሌላውን ብር ያበላሸ ይተካል። በጎቹ ከበቡት፣ ፍየሎቹ ቀንዳቸውን አሾሉ። አያ ጅቦ እያጉረመረመ ከገዛ ከረጢቱ አንድ ብር አወጣ። እመት ጦጣ ጣለችው። ቅልልልል!

«ሰባት ዕንቁ፣ አንድ ፈርጥ። አለፈ! አምስት ሞላ! መስኩ የእመት አህያ ነው!»

አቤት የዚያን ዕለት ሳቅ! ጅብ የራሱን መስክ ለመሸጥ ከራሱ ከረጢት ከፈለ። እመት አህያ ግን ለመሳቅ ጊዜ አላገኘችም። ውርንጭላዋ ኮረብታውን በሩጫ አልፋ፣ ከምንጩ ዳር ደርሳ፣ አንገቷን ደፍታ እየጠጣች ነበር። አንድ ጊዜም ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን አላየችም።

ስለዚህ እናንተም ያላችሁን ነገር ለማሳመር ከመቸኮላችሁ በፊት፣ ዋጋው የተቀረጸው የቱ ላይ እንደሆነ ለዩ። እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ላልሰማ ንገሩ። አፌ ደርቋልና ውሃ አቀብሉኝ።