ዋርካው ሥር የማይቆመው አውቶቡስ

ስብሐት ለእግዚአብሔር፤ እግርን ለመንገድ፣ ዓይንን ለብርሃን የፈጠረ እርሱ ነገራችንን ይባርክ፤ አሜን።

የወይዘሮ ማንያህልሻል ዓይን እየፈዘዘ ሄደ። ሐኪሙም፣ «ሐሙስ በማለዳ ሆስፒታል ካልደረሱ ብርሃኑ አይመለስም» አላቸው። የአውቶቡሱ ማቆሚያ ከገደል ማዶ ነው፤ በቀን እየዳበሱ ይደርሱበታል፤ ጎህ ሳይቀድ ግን በምን ዓይናቸው? አውቶቡሱ ከደጃቸው ዋርካ ሥር ሳይቆም ያልፋል። ሰኞ ዕለት ሄደው ሾፌሩን፣ «ልጄ፣ ዋርካው ሥር ቁምልኝ» አሉት።

«የስምሪት ኃላፊው ካላዘዘኝ አልቆምም፣ እማማ።»

ኃላፊውን፣ «እዘዝልኝ» አሉት። «ካርታው ላይ ከሌለ አላዝም» አለ። ኃላፊው አያዝ፣ ሾፌሩ አይቆም፣ ሐሙስም አይጠብቅ!

ካርታ ሠሪዋን፣ «ሣዪልኝ» አሏት። «የሚሳፈር ሁሉ ካርታዬ ላይ በሚሳፈርበት ቦታ አንዳንድ የሽምብራ ፍሬ ካላኖረ አልሥልም» አለች። ማክሰኞም ካርታዋን ከአንድ ቁና ሽምብራ ጋር ዋርካው ሥር ዘረጋች፤ ሰው ግን አልወጣም። ካርታ ሠሪዋ አትሥል፣ ኃላፊው አያዝ፣ ሾፌሩ አይቆም፣ ሐሙስም አይጠብቅ!

ጎረቤቶቻቸውን፣ «ውጡልኝ» አሏቸው። «ስንቱ ስብሰባ ጠርቶን ምን ጠብ አለ? የእድር ጥሩምባ ካልጠራን አንወጣም» አሉ። ጎረቤት አይወጣ፣ ካርታ ሠሪዋ አትሥል፣ ኃላፊው አያዝ፣ ሾፌሩ አይቆም፣ ሐሙስም አይጠብቅ!

ረቡዕ ጧት ጥሩምባ ነፊውን ደግፌን፣ «ንፋልኝ» አሉት። «ሰው ሳይሞት? የእድሩ ደንብ አይፈቅድም!» አለ። ጥሩምባው አይነፋ፣ ጎረቤት አይወጣ፣ ካርታ ሠሪዋ አትሥል፣ ኃላፊው አያዝ፣ ሾፌሩ አይቆም፣ ሐሙስ ደግሞ ነገ ነው!

ወይዘሮ ማንያህልሻል ትክ ብለው አዩት። «ደግፌ፣ ፊትህ ጢስ ሆኖብኛል። ስሞት ትነፋልኛለህ፤ ያን ጊዜ አልሰማህም። ዛሬ ዓይኔ እያጣጣረች ነውና ለእርሷ ንፋላት።»

ደግፌ ጥሩምባውን አንሥቶ ነፋ።

መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ዋርካው ወጣ። «ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም፤ ነገ ግን ዓይኔ።»

«ወይ እማማ! በቁምዎ ያስለቅሱን?» ብሎ አንዱ ሳቀ። አንዲት ነፍሰ ጡር ግን ከቁናው አንድ የሽምብራ ፍሬ አንሥታ ካርታው ላይ አኖረች። ለቀስተኛው ሁሉ ተከተለ፤ ሽምብራው ከዋርካው ሥር ተከመረ። ኃላፊው ተጠርቶ መጣና፣ «ይህ ሁሉ ሕዝብ እዚህ ኖሯል?» አለ።

ጥሩምባው ተነፍቶ፣ ጎረቤት ወጥቶ፣ ካርታ ሠሪዋ ሣለች፣ ኃላፊውም አዘዘ። ሾፌሩስ?

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ሁለት መብራቶች እየበረሩ መጡ። ያልፍ ይሆን? ወይዘሮ ማንያህልሻል ወደ መንገዱ ጠጋ አሉ። አውቶቡሱ ቆመ።

«ይግቡ፣ እማማ።»

«ቶሎ አትንዳ፣ ልጄ፤ እድሩ በሙሉ ከኋላዬ ነው።»

የሰማችሁበትን ጆሯችሁን ይባርክ፤ ብርሃን ከዓይናችሁ፣ ጎረቤት ከደጃችሁ አይራቅ፤ ጥሩምባችሁም በሕይወት ላለ ይድረስ፤ አሜን።