የአያ ተገኘ የፀጉር መድኃኒት

በዚህ ታሪክ መጨረሻ የምትመጣውን አባባል ሌላው ሰው እንደ ዘበት ይወረውራታል። እኛ የጣና ዳር ሰዎች ግን ከማን ቤት እንደወጣች ስለምናውቅ፣ ስንናገራት ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

አያ ተገኘ በጎረምሳነቱ ዘርፌ የምትባል ልጅ ይወድ ነበር። ወላጆቿ ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ ዳሯት። እሱም አገባ፣ ወለደ፣ አረጀ፣ ሚስቱን ቀበረ። የዘርፌም ባል ሞተ። ከዕለታት አንድ ቀን ታንኳ ቀዛፊው «ዛሬም ካሰብከኝ ና፣ ብላሃለች» አለው።

ሳያስባት የዋለበት ቀን መች ነበርና። ነገር ግን የሽማግሌ በሽታ ይዞታል፤ ሽንቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል፣ ሊሸና ሲቀመጥ ደግሞ ጠብ ጠብ እያለ ያስቸግረዋል። ታንኳ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ማዶ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። ሴቶች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው በሚቀመጡበት የት ይግባ?

መድኃኒት አዋቂዋ ወይዘሮ አንጓች የዘርፌ ታላቅ እህት ናት። ሊነግራት ሄደ። ደጇ ሲደርስ ግን ወሬው ቀድሞት ሐይቁን ሲሻገር ታየውና አፈረ።

«ምንህን አመመህ፣ ተገኘ?»

«ፀጉሬን ነው፣ እትዬ» አለና ኮፍያውን አወለቀ። «ረግፎ አለቀ።»

«በዚህ ዕድሜ?» ብላ ሳቀች። ታማሚ ያልነገራትን መጠየቅ ልማዷ አይደለም፤ ቅጠል ወቅጣ፣ በቅቤ ለውሳ ሰጠችው።

ተቀባ። እውነትም መላጣው ላይ ለስላሳ ነገር ብቅ አለ፤ ሰፈሩ «ሙሽራው» እያለ ቀለደበት። እመጣለሁ ብሎም ላከ። በቀጠሮው ዕለት ታንኳው ከዳር የበቀለውን ደንገል አልፎ ሳይወጣ «ስንቄን ረሳሁ» ብሎ አስመለሰው። በሌላ ጊዜ ደግሞ «ነፋሱ አስፈራኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ዳር ቁጭ ብሎ ማዶ ማዶውን ማየት ሆነ ሥራው። ዘርፌም ታንኳ በመጣ ቁጥር ወጥታ ትጠብቅ ነበር።

ክረምቱን እህቷ ዘንድ የከረመችው አንጓች ስትመለስ በቀጥታ እሱ ቤት ገባች።

«ዘርፌ ‹ንቆኝ ነው› ብላ ፀጉሯን ተላጭታ መነኮሰች» አለችው።

አያ ተገኘ አለቀሰ። የደበቀውን ሁሉ ያን ጊዜ ተናገረ።

«ለእሱ የሚሆን ሥር ከጓሮዬ ነበር። ባያሽርህ እንኳ ለቀዛፊው ብነግረው ዳር ዳሩን ይዞ፣ እያሳረፈ ይወስድህ ነበር» አለች፤ ከዚያም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ምን ላድርግህ ወንድሜ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለችው።