ፍልፈል የገዛው መብት

ተረት ተረት ብያችኋለሁና ጠጋ በሉ፤ የዛሬዋ ግን ደስ አትልም።

አፈር አሽትቶ ድርቅ መምጣቱን የሚያውቅ ፍልፈል ነበር። ጎረቤቱ ጦጣ ደግሞ የድንች ክምር ነበራት።

“ድርቅ ሊመጣ ነው፤ ድንች ይወደዳል” አላት።

“እንግዲያው መብት ልሽጥልህ” አለችው። “ጨረቃ እስክትሞላ ድረስ፣ ድንች የቱንም ያህል ቢወደድ በዛሬው ዋጋ ከእኔ ትገዛለህ። ለመብቱ ካከማቸኸው የተክል ሥር አንድ እፍኝ ትሰጠኛለህ። ካልተወደደም የምትከስረው እሷኑ እፍኝ ብቻ ነው።”

ፍልፈል ሰጣት። ጨረቃ ሞላች፤ ዝናቡ ግን አላቋረጠም፤ መብቱም አበቃ። “አፈሩ አይዋሽም፤ በሚቀጥለው ወር ነው” ብሎ ለአዲስ መብት ሁለት እፍኝ ሰጠ። ያም እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ወር የጉድጓድ ጎተራውን ጠራርጎ አስረከባት።

ጨረቃ በሞላች ማግስት ዝናቡ ቀጥ አለ። የድንች ዋጋ በዚያው ቀን የማይቀመስ ሆነ። ፍልፈል ወደ ጦጣ ሮጠ።

“አላልኩሽም?”

“ብለኸኛል” አለች ጦጣ፣ የሱን ሥር እያኘከች። “መብትህ ግን ትናንት አለቀ።”

ፍልፈል በረሃብ ሲሞት ቀባሪዎቹ ጉድጓድ መቆፈር አላስፈለጋቸውም፤ ጎተራው ባዶ ነበር።

“ምስኪን” አለች ኤሊ፣ አፈር እየመለሰችበት። “ድርቁስ እንዳለው መጣ።”